የሞክሼ አማና



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን ያነሳና «መታወቂያ ወድቆ ተገኝቷል፤ ባለቤቱ መሐመድ አሕመድ ይባላል» ይላል እንበል። ቡታጅራም ይሁን ወልቂጤ፣ መስጊዱ ውስጥ ስንት ሰው የሚነሳ ይመስላችኋል? እኔ አንድ ጊዜ አምስት ቆጥሬአለሁ። ሁለቱ የአያት ስም ሲነበብ ተመልሰው ተቀመጡ። አንዱ ኪሱን ሲዳብስ የራሱን መታወቂያ አገኘና እየሳቀ ወጣ። የቀሩት ሁለቱ ግን ፎቶግራፉ እስኪታይ ድረስ ተፋጠው ቆሙ። በኋላም «ሞክሼ!» ተባብለው፣ ተጨባብጠው ተለያዩ።

ሞክሼነት በእኛ ዘንድ የወዳጅነት መጀመሪያ ነው እንጂ የሚታፈርበት ነገር አይደለም። ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃው ሲታረድ አባት የሚመርጥለት ስም ከነቢያት፣ ከሶሓቦች ወይም ከደጋግ ዑለሞች ስም ነው። መልካም ስም ደግሞ መራጩ ብዙ ነው። በዚህ ላይ በአገራችን የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለም፤ ስማችን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ነው። ስለዚህም ከድርና ሙስጠፋ፣ አወልና ነስሩ፣ ሸምሱና ሙዘሚል በየመንደሩ ይደጋገማሉ። ነቢዩ የሕያ (ዐ.ሰ) ከርሳቸው በፊት በስማቸው የተጠራ ሰው እንዳልነበረ በሱረቱ መርየም ተነግሮናል፤ ይህ ዕድል ለእኔ ቢጤው አልደረሰም። ኪታብ በቀራሁበት ሐለቃ ውስጥ እንኳ በስሜ ሦስት ነበርን። ሸይኻችን አንዱን «ረጅሙ»፣ ሌላውን «የወልቂጤው» ይሉ ነበር። እኔን ምን ይሉኝ እንደነበር ለመጻፍ ብዕሬ እምቢ ብሎኛል።

በስም መሳሳት ለረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ገጥሟቸዋል። ከአነስ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ እንደምናገኘው፣ በገበያ ሳሉ አንድ ሰው በኩንያቸው በ«አቡል ቃሲም» ተጣራ፤ እርሳቸውም ዞር አሉ። ሰውየው ግን የጠራው እርሳቸውን ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑን ወዲያው ነገራቸው። ከዚህ የተነሳ ነው በስማቸው መሰየምን ፈቅደው በኩንያቸው መጠራትን የከለከሉት። ክልከላው ለሕይወት ዘመናቸው ብቻ ነው ወይስ ለሁልጊዜ? ዑለሞች ተለያይተውበታል፤ የዛሬ ርእሳችን ግን እርሱ አይደለም። እኔ የማስተውለው ነገሩ በምን ፍጥነት እንደ ጠራ ነው። ጠሪና ተጠሪ ተያዩ፤ ጠሪው እውነቱን ተናገረ፤ አበቃ።

ዛሬ ግን ጠሪው አይታየንም። እኔ ወጣት በነበርኩበት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደብዳቤ ወደ ቤት አይመጣም ነበር። በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይመጣና የባለ ደብዳቤዎቹ ስም በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሁለት ሞክሼዎች ካሉ ቀድሞ የደረሰው ይከፍተዋል፤ «ውድ ወንድሜ» የሚለውን ሰላምታ ያነብና ወንድም እንደሌለው ሲያስታውስ መልሶ በምራቁ ያሽገዋል። መከፈቱ ያስታውቃል፤ ግን ማንም ምንም አይልም ነበር።

ኢሜል ሲመጣ ነገሩ ረቀቀ። በኢሜል አንድ አድራሻ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙን ቀድሞ ያስመዘገበው ይይዘዋል፤ ኋላ የመጣው ሞክሼ መጨረሻው ላይ ቁጥር ወይም ሌላ ነገር ይጨምራል። ዘመድ ወዳጅ ቁጥሩን ሲረሳ መልእክቱ ለፊተኛው ሰው ይደርሳል። ስማችን በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ወጥ ሥርዓት አለመኖሩም የራሱን ችግር ይጨምራል። በእኛ ፊደል አንድ የሆነው ከድር በአንዱ ቤት በ«ኢ»፣ በሌላው ቤት በ«ኤ» ይጻፋል፤ መሐመድማ አጻጻፉ ስንት እንደሆነ ቆጥሬ አልጨረስኩም። አንዲት ፊደል ስትሳት መልእክቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ የማያውቀው ሰው ቤት ይገባል።

የእህቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም፣ በየሰፈራችሁ ሁለት ሦስት አሉና። ኢሜሉን ያወጣው ገና ሃይስኩል ሳለ ቡታጅራ በሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። የራሱንና የአባቱን ስም ያለ ምንም ቁጥር ስላገኘው ይኮራበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የማያውቃቸው መልእክቶች ይጎርፉለት ጀመር። አሜሪካ የሚኖር ሞክሼ ነበረውና፤ የዚያ ሰው አድራሻ ቁጥር አለው፣ ሰዎች ግን ቁጥሩን ይዘነጉታል።

ልጁ ለክረምት ዕረፍት ሲመጣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ እኛ ቤት ይቀመጥና የመጡለትን መልእክቶች ከነመልሶቻቸው ያነብልን ነበር። የጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንዳለው ሲያስታውሰው፣ «ጥርሶቼ ያሉት ቡታጅራ ነው። ሐኪሙ ወደዚህ ቢመጡ ግን ጫት የማይቅም ሰው ጥርስ አሳያቸዋለሁ» ብሎ መልሷል። የቤት አከራይ ኪራይ ዘገየ ብሎ ሲቆጣ፣ «ተሳስተዋል ጌታዬ፣ የእኔ አከራይ እናቴ ናት፤ ኪራይ የምትቀበለኝም በውሃ ጀሪካን ነው» ብሏል። የመኪና ሻጭ አዲስ መኪና መግባቱን ሲያበስረው የጋሪ ዋጋ እንዲልክለት ጠይቆታል። የጋሪ ፈረስ የማይጠፋበት የቡታጅራ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚስቅ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ ቡናውን እስክታቀርብ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

ከአረፋ ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ሌላ ዓይነት መልእክት መጣ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ጸሐፊዋ የሞክሼው እህት ናት፤ ለካስ ሰውየው የዚሁ የእኛው የጉራጌ ልጅ ኖሯል። «ለአረፋ በሬ ስንት ትልካለህ? እማ እየጠየቀች ነው» ይላል። የእህቴ ልጅ «ዘንድሮ ብር አልልክም፤ እኔው ራሴ እመጣለሁ። በሬውን እናንተ ያዙት» የሚል መልስ ጻፈና ሳይልከው በፊት አነበበልን። ሁላችንም ሳቅን። እኔም፣ አላህ ይማረኝና፣ «ቢላውን እኔ እስለዋለሁ በልበት» አልኩት። ጨመረበትና ላከው።

አረፋ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። መርካቶ ያለው፣ በየክፍለ አገሩ ሱቅ የከፈተው ሁሉ ወደ ቤቱ ይጎርፋል። እናቶች በዊጆ ያጠራቀሙትን ቅቤ ለዚያ ቀን ያቆያሉ፤ ቆጮው ይዘጋጃል፤ ቤቱ ይለቀለቃል። መምጣት የማይችለው ብር ይልካል፤ የተላከ ብር ግን ያላየችውን ልጅ አያሳያትም።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ሐሙስ ማታ ልጁ መጣና እንደ ወትሮው አላነበበልንም፤ ስልኩን በእጄ ሰጠኝ። እህቲቱ ናት። እናታቸው ዘጠኝ ዓመት ያላየችው ልጇ ሊመጣ መሆኑን ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። ቤቱን አስለቅልቃለች፤ ያገቡ ልጆቿን ከያሉበት አስጠርታለች፤ ለበሬው ቀብድ ተከፍሏል። በየትኛው ቀን እንደሚገባና አዲስ አበባ ላይ ማን እንዲቀበለው እንደሚፈልግ ትጠይቃለች። መጨረሻው ላይ ያንኑ የቢላውን ነገር አንስታ እናቷ በርሱ ምን ያህል እንደሳቀች ጽፋለች። ያ ቃል የእኔ ነው።

እስቲ አንባቢዬ ሆይ፣ እርስዎን ልጠይቅ። በጥርሱ ቀልድና በበሬው ቀልድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ለሌላ ሰው ለመጣ መልእክት የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ሁለቱም አስቀውናል። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ የጉዳቱ መጠን መስሎኝ ነበር፤ ሐኪም ቤት አያዝንም፣ እናት ታዝናለች። ሳሰላስለው ግን ልዩነቱ ከጉዳቱ ይቀድማል። ጥርሶቼ ቡታጅራ ናቸው ያለ ሰው እየቀለደ እውነቱን ተናግሯል፤ አንባቢው ስቆ ሲያበቃ ሰው መሳሳቱን ያውቃል። እኔው እመጣለሁ ያለው ግን በሌላ ሰው ቦታ ተቀመጠ። ስሙ በእርግጥ የልጁ ነው። እናቲቱ በዚያ ስም ላይ ያላት እምነት ግን የርሱ አይደለም፤ የሞክሼው ነው። መልእክቷ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቁት ለኖሩት ሰው የተላከ እንጂ ለስሙ የተላከ አልነበረም።

ሃይማኖታችን ሳቅን አይጠላም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር። አንድ ሰው የሚቀመጥበት ግመል ሲለምናቸው የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት፤ ግልገል ምን ያደርግልኛል ብሎ ግራ ሲገባው፣ ትልቁም ግመል ቢሆን የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። ቀልዱ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም። ሰዎችን ለማሳቅ ብሎ የሚዋሽን ሰው ግን ደጋግመው ወዮለት ማለታቸው ተዘግቧል። የተኛ ጓደኛቸውን ገመድ ወስደው ባስደነገጡት ሰዎች ጊዜም ሙስሊም ሙስሊምን ማስደንገጥ እንደማይፈቀድለት ተናግረዋል፤ ገመዱ ከወርቅ የተሠራ አልነበረም።

«ኑዕይማንስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከሶሓቦች መካከል ቀልደኛ ነበሩ፤ በንግድ ጉዞ ላይ አንዱ ባልንጀራውን ባሪያዬ ነው ብሎ ለመንገደኞች እንደሸጠና ረሱልም ሲሰሙ እንደሳቁ ይወራል። ማን ማንን እንደሸጠ ዘገባዎቹ ይለያያሉ፤ ሰነዱን ደካማ ያሉትም አሉ። እንዳለ ብንቀበለው እንኳ የተሸጠው የሚተዋወቁት ባልንጀራ ነው፤ አቡበክርም (ረ.ዐ) ወዲያው ደርሰው ዋጋውን መልሰው አስለቅቀውታል። የእኛን ቀልድ የሚያስለቅቅ አቡበክር በመካከላችን አልነበረም።

ስለ ሞክሼ ዑለሞቻችን ምን ያህል ይጨነቁ እንደነበር ኪታብ የቀሩ ያውቁታል። አንድ ዘጋቢ «ሱፍያን ነገረኝ» ካለ፣ በ161 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ሱፍያን አስ-ሰውሪ ናቸው ወይስ በ198 የሞቱት ሱፍያን ኢብን ዑየይና? ሁለቱም ታማኞች ስለሆኑ በዚህ ላይ ብንሳሳት ጉዳቱ ቀላል ነው። አንዱ ታማኝ ሌላው ውሸታም የሆኑ ሞክሼዎች ሲገጥሙ ግን የውሸታሙ ቃል በታማኙ ስም ተሸፍኖ ይገባል። በ463 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ ስማቸው አንድ ሆኖ ሰዎቹ ስለሚለያዩ ዘጋቢዎች ራሱን የቻለ ኪታብ እስከመጻፍ የደረሱት ለዚህ ነው። ኢብኑ ሶላሕም አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ የሚባሉ ስድስት ሰዎችን ለይተው አስፍረዋል።

ከሁሉ የምወደው ግን በ390 ዓመተ ሂጅራ የሞቱትን የአል-ሙዓፋ ኢብን ዘከሪያ አን-ነህረዋኒን ታሪክ ነው። ለሐጅ ሄደው ሚና ላይ ሳሉ አንድ ሰው «አቡል ፈረጅ» እያለ ይጣራል። ኩንያቸው ነው፤ ነገር ግን በዚህ ኩንያ የሚጠራ ብዙ ነው ብለው ዝም አሉ። ሰውየው «አቡል ፈረጅ አል-ሙዓፋ» አለ። አሁንም ሌላ ሊኖር ይችላል ብለው ታገሡ። በሦስተኛው ሰውየው ኩንያቸውን፣ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስምና አገራቸውን ነህረዋንን ጨምሮ ሲጠራ፣ ከእንግዲህ ጥርጥር የለም ብለው «አቤት» አሉ። ሰውየውም የምሥራቁ ነህረዋን ሰው መሆናቸውን ጠየቃቸው፤ አዎ አሉት። እርሱ ግን የሚፈልገው የምዕራቡን ነህረዋን ሰው ነበር! ታላቁ ዓሊም ተደነቁ፣ ታሪኩንም ለሰው አወሩት። እስከ ዛሬ ያስቀናል፤ በዚህ ሳቅ ውስጥ ግን አንድም የተጎዳ ሰው የለም። ደግሞ ልብ በሉ፣ እርሳቸው ለጥሪው አቤት ለማለት እስከ ሦስተኛው ጊዜ ታገሡ፤ እኛ ያልተጠራንበትን ጥሪ በሳቅ ተቀበልነው።

ስምን ከሰው የማይለይ አሠራር ምን እንደሚያስከትል በአውሮፕላን ጣቢያ የቆሙ ሙስሊሞች ያውቁታል፤ ስማቸው ከአንድ ተፈላጊ ሰው ስም ጋር ስለገጠመ ብቻ ሰዓታት የተያዙ ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ እንኳ ስማቸው ከተጠርጣሪ ስም ጋር በመመሳሰሉ ደጋግመው ከበረራ መታገዳቸውን ተናግረዋል። በሌላ ሰው ቦታ መቆጠር ሲደርስብን እንጮሃለን።

ወደዚያ ሐሙስ ማታ ልመለስ። ልጁ አንድ ሐሳብ ነበረው። «አጎቴ፣ በርሱ ስም ሆኜ ሥራ ስለበዛብኝ ጉዞው ቀርቷል ብዬ ልጻፍላት» አለኝ። ከዚያም ሰዎችን ለማስታረቅ መልካም የተናገረ ሰው ውሸታም አለመባሉን የሚያመለክተውን ሐዲስ ጠቀሰልኝ። እኔው ነኝ ያስተማርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። እናቲቱ በአንድ እንግዳ ልጅ ተቀለደብኝ ብላ ከምትሰበር፣ ልጄ ሥራ በዛበት ብላ ብታዝን ይቀላል መሰለኝ። ዘዴውም ለእኛ ምቹ ነበር፤ ስማችን አይነሳም። ማዘንበሌ ምን ያህሉ ለእናቲቱ፣ ምን ያህሉ ለራሴ እንደነበር ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

እህቴ፣ የልጁ እናት፣ ጓዳ ሆና ትሰማን ኖሯል። ከመጻሕፍት ብዙም አልቀራችም። ወጥታ «ያ ልጅ ምን አጠፋ?» አለች። «ቃል ያልገባበትን ቃል በላ ሊባል ነው? እናቱ ስትረግመው የምትረግመው ማንን ነው?» እኛ ሁለት የተማርን ሰዎች አላሰብነውም ነበር። ሐዲሱ የሚያወራው ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ስለማስታረቅ ነው፤ እኛ ግን ያልተጣሉትን ልናጣላ ነበር። አንዱን ሐሰት በሌላ ስናክም መክፈያው የዚያ የማናውቀው ሰው ስም ነው። እርሱ አሜሪካ ሆኖ ስለ ነገሩ ሁሉ ምንም አያውቅም።

እኔ ከዚያ በኋላ ነገሩን የማየው በወደቀ ዕቃ ሕግ ነው። ሉቀጣ ያገኘ ሰው መያዣውንና የታሰረበትን ማሰሪያ አውቆ አንድ ዓመት እንዲያስታውቅ ታዟል። ባለቤቱን ለመለየት የሚያስፈልገውን ያህል ያያል፤ ይጠብቀዋል፤ ባለቤቱን ይፈልጋል። በቴሌብር ወይም በባንክ በስሕተት የገባ ብር ቢሆን ይህን የሚስተው የለም፤ ብሩን የበላውን ሌባ እንለዋለን። መልእክት ሲሆን ግን እንደ ጨዋታ እንቆጥረዋለን። ከላይ ያለውን መስመር አይቶ የእኔ አይደለም ካለ በኋላ እስከ ግርጌው ማንበብ የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት ነው። ዝም ብሎ ማጥፋትም ቢሆን፣ ቦርሳውን አይቶ በእግር ወደ ቦይ እንደመግፋት ይመስለኛል። ወላሁ አዕለም።

በዚያው ሌሊት ልጁ ጻፈ። ማን እንደሆነ፣ መልእክቱ ለምን ወደርሱ እንደመጣ፣ ቀልዱ የርሱ እንደነበረ፣ ወንድሟ ምንም እንደማያውቅ ነገራት። ስለ ቢላውም፣ እኔው ጻፍ ስላልኩት፣ አጎቴ ያለኝ ነው ብሎ ጨመረ። ለበሬው የተከፈለው ቀብድ የሚጠፋ ከሆነ እኛ እንደምንተካ ጽፎ ስልክ ቁጥራችንን አኖረ።

ስምንት ቀን መልስ አልመጣም። በእነዚያ ስምንት ቀናት ሶላት ላይ ስቆም የሚመጣብኝ ያቺ የማላውቃት ሴት የለቀለቀችው ግድግዳ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አራት መስመር መጣ። ለእናቷ ነግራታለች። እናትየው አንድ ቀን ሙሉ ሳትናገር ዋለች፤ ማታ ላይ «የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። በሬው አልተመለሰም፤ ወንድሟ ነገሩን ሲሰማ ከተለመደው በላይ ልኳል፣ ሁልጊዜ ጁሙዓም ይደውልላት ጀምሯል። ይቅር ብለናችኋል የሚል ቃል ግን በመልእክቱ ውስጥ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። በመጨረሻው መስመር የወንድሟ ትክክለኛ አድራሻ ከነቁጥሩ ተጽፏል።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ሠራተኛ ነው። የሞክሼው መልእክት አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣለታል። ጥርስ ሐኪሙማ ስንት ጊዜ ቢነገረውም አልሰማ ብሏል፤ በየስድስት ወሩ ይጽፋል። ልጁም መልእክቱን ሳይውል ሳያድር ወደ ባለቤቱ ያስተላልፈዋል፤ ከላዩም አንዲት መስመር ያክልበታል፦ «ሞክሼ፣ የእኔዎቹ ደህና ናቸው፤ ያንተዎቹን አደራ።»